የእሳት ኳስ በሰማይ ሲያልፍ፦ ታዛቢዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአጥቢያ ኮከብ ይልቅ ደምቆ የሚታይ ተወርዋሪ ኮከብ፣ ማለትም የእሳት ኳስ፣ ያየ ሰው አስቀድሞ የሚያወራው ስለ ድምቀቱና ስለ ድንጋጤው ነው። ለተመራማሪዎች ግን ይበልጥ የሚጠቅሟቸው ደረቅ የሚመስሉት ዝርዝሮች ናቸው፤ ታዛቢው የት ቆሞ ነበር፣ ብርሃኑ በየት በኩል ታይቶ በየት በኩል ጠፋ፣ ሰዓቱስ ስንት ነበር።

የመጀመሪያው ስህተት ስልክ ለማውጣት ዓይንን ከሰማይ ማንሳት ነው። አብዛኛው የእሳት ኳስ የሚቆየው ለጥቂት ሴኮንዶች ስለሆነ፣ ካሜራው እስኪከፈት ድረስ ብርሃኑ ይጠፋል፤ ታዛቢውም መጨረሻውን ሳያየው ይቀራል። ብርሃኑ ከግማሽ ደቂቃ በላይ እየተቆራረጠ በዝግታ የሚጓዝ ከሆነ ግን ወደ ምድር የሚመለስ የሳተላይት ወይም የሮኬት ስብርባሪ ሊሆን ስለሚችል፣ ለመቅረጽ ጊዜ አለ።

ሁለተኛውና ብዙ መረጃ የሚያበላሸው ስህተት በሜትር መገመት ነው። «500 ሜትር ከፍታ ላይ ነበር፣ ስፋቱም የቤት ያህል ነው» የሚለው ምስክርነት ቅንነት ቢኖረውም አይጠቅምም፤ ዓይን በጨለማ ሰማይ ላይ ያለን ብርሃን ርቀት መለየት አይችልምና። የሚለካው ማዕዘን ነው። ታዛቢው ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ ብርሃኑ የታየበትንና የጠፋበትን ቦታ ከጉልላት፣ ከዛፍ ወይም ከምሰሶ ጋር አያይዞ ይያዝ፤ ከዚያም ክንዱን ዘርግቶ ከአድማስ ጀምሮ ጡጫውን ወደ ላይ እየደራረበ ይቁጠር፤ አንድ ጡጫ 10 ዲግሪ ገደማ ይሸፍናል። ሰው በግምት ብቻ ሲናገር ከፍታውን አብልጦ የመናገር ልማድ ስላለው፣ ይህን ቁጥር መጻፍ ትንሽ ነገር አይደለም። ከተራራቁ ቦታዎች የተላኩ እንዲህ ያሉ ማዕዘኖች ሲጣመሩ የእሳት ኳሱ መንገድ ይሰላል።

«ከዚያ ኮረብታ ጀርባ ወደቀ» ማለትም የዚሁ ስህተት ዘመድ ነው። ብርሃኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው በአሥር ኪሎ ሜትሮች በሚቆጠር ከፍታ ላይ ነው፤ ከኮረብታው ጀርባ የገባ የሚመስለው በጣም ሩቅ ስለሆነ ነው።

ብርሃኑን አይቶ ወደ መስኮት መሮጥ ግን ጉዳቱ በሰው ላይ ነው። የካቲት 8 ቀን 2005 ዓ.ም. በሩሲያዋ ቼልያቢንስክ ከተማ አቅራቢያ 20 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የጠፈር አካል ሰማይ ላይ ሲፈነዳ፣ የድንጋጤ ሞገዱ፣ ማለትም ፍንዳታው የፈጠረው ኃይለኛ የአየር ግፊት፣ ከተማዋ የደረሰው ከብልጭታው ሁለት ደቂቃ ገደማ ዘግይቶ ነበር። በአደጋው 1,500 ያህል ሰዎች ተጎድተዋል፤ አብዛኞቹን የጎዳቸው የተሰባበረ መስታወት ነው። ስለዚህ ከመስታወት ርቆ ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ጊዜውን መቁጠር ይሻላል፤ የዘገየበት ጊዜ ራሱ ርቀትን ለመገመት ያገለግላል።

የሰዓት ስህተት ደግሞ በተለይ የእኛ ነው። ለዓለም አቀፉ የሜትዮር ድርጅት በኢንተርኔት ቅጽ ሪፖርት የሚልክ ሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ10 ያየውን «2:10» ብሎ ከሞላ ከሌሊት ክስተት ጋር ይደባለቅበታል። ትክክለኛው በአዲስ አበባ ሰዓት 20:10፣ በዓለም አቀፍ መደበኛ ሰዓት 17:10 ነው፤ ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፍ።

ቪዲዮ የተገኘ እንደሆነ፣ ሙዚቃና ጽሑፍ ጨምሮ ማሰራጨት ማስረጃውን ይጎዳል። በቴሌግራም እንደ ተራ ቪዲዮ ሲላክ ጥራቱ ስለሚቀንስ፣ ዋናው ቅጂ ሳይነካ ተቀምጦ በፋይል መልክ ይላክ። የጥበቃ ካሜራዎች ከቀናት በኋላ በአሮጌው ምስል ላይ ደርበው ስለሚቀርፁ ቅጂው ፈጥኖ ይወሰድ፤ የካሜራው ሰዓት ስንት ሴኮንድ እንደሚቀድም ወይም እንደሚዘገይም ያኔውኑ ይመዝገብ። በቼልያቢንስክ ተመራማሪዎች መኪኖችና ሕንፃዎች ላይ የነበሩት ካሜራዎች ወደቀረፁባቸው ቦታዎች ሄደው ከዋክብትን ፎቶ በማንሳት ማዕዘኖቹን አስተካክለዋል፤ ቦታውን በትክክል የማይናገር ቪዲዮ ለዚህ አይመችም።

በመጨረሻ ከእሳት ኳሱ ተርፎ ምድር ላይ የወደቀ ድንጋይ ፍለጋው ይመጣል። መስከረም 27 ቀን 2001 ዓ.ም. ንጋት ላይ በሰሜን ሱዳን በረሃ ሰማይ የፈነዳው አካል ቁርጥራጮች የተገኙት የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አስቀድሞ በተሰላው መንገድ ላይ ተሰልፈው በእግር በመፈለጋቸው ነው። አጠራጣሪ ድንጋይ ያገኘ ሰው ከማንሳቱ በፊት ቦታውን በፎቶና በጂፒኤስ ይመዝግብ፤ አይጠበው፤ ማግኔትም አያስጠጋበት፤ ማግኔቱ በድንጋዩ ውስጥ የቆየውን ጥንታዊ የመግነጢስ አሻራ ያጠፋዋልና።