አሮጌ ቪንቴጅ ፖርት በጨረታ ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሮጌ ወይን ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚፈራው ፎርጅድ ነው። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ሩዲ ኩርኒያዋን እቤቱ ደባልቆ ያሸገውን ወይን ብርቅዬ የፈረንሳይ የቡርገንዲ ምርት ነው እያለ በአሜሪካ ሲሸጥ ተይዞ በ2014 የ10 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። ፖርት (አልኮል የተጨመረበት የፖርቱጋል ጣፋጭ ወይን) ግን ከፈረንሳዮቹ ከቡርገንዲና ከቦርዶ አንጻር ርካሽ ስለሆነ አጭበርባሪ ያን ያህል አይለፋበትም። ገዢው በብዛት የሚከስረው ጠርሙሱን ሳያጣራ ሲቀር ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ዓመቱን አይቶ መቸኮል

1963 የሚል ቁጥር ስላዩ ብቻ እጅዎን አያውጡ። ቪንቴጅ ፖርት፣ ማለትም የአንድ ዓመት ምርት ብቻ የሆነው፣ ወይኑ ከተለቀመ ከ2 እስከ 3 ዓመት ውስጥ ይታሸግና ጠርሙስ ውስጥ ያረጃል። ኮልዬይታ የሚባለው ሌላው የፖርት ዓይነትም ዓመት ይጻፍበታል፤ እሱ ግን ቢያንስ 7 ዓመት፣ ብዙ ጊዜም አሥርተ ዓመታት፣ በርሜል ውስጥ ይቆያል። መለያው ቀላል ነው፤ ኮልዬይታ የታሸገበት ዓመትም ለብቻው ይጻፍበታል። መጠጡ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም እኔ በጣም ነው የምወደው። ግን በቪንቴጅ ዋጋ አይገዛም።

የእርሻ ስምም ያሳስታል። ፖርት አምራቹ ቴይለር በምርጥ ዓመታት ቪንቴጁን በራሱ ስም ያወጣል። በሌሎቹ ዓመታት ኪንታ ዴ ቫርጄላስ በሚል የእርሻው ስም ይሸጣል፤ ይሄኛው ረከስ ይላል።

ድርጅቱ በዚያ ዓመት ቪንቴጅ ማውጣቱንም ያጣሩ። በ1977 ብዙዎቹ አምራቾች ሲያወጡ ኮበርን አላወጣም። በ1931 ደግሞ የዓለም ኢኮኖሚ ወድቆ፣ የ1927ቱም ገና ተሸጦ ስላላለቀ አብዛኞቹ ሲተዉት ኪንታ ዶ ኖቫል አወጣ። ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሳው የድርጅቱ ብርቅዬ ወይን፣ ኖቫል ናሲዮናል 1931፣ በዚያው የመጣ ነው። እዚህ ጋ ፎርጅድን መፍራት ያዋጣል፤ ዋጋው ሌባ ይጠራል።

ወረቀት የለውም ብሎ መሸሽ

ድሮ ፖርት በበርሜል ወደ እንግሊዝ ይጫንና እዚያው ነጋዴዎች ያሽጉት ነበር። ብዙዎቹ የስም ወረቀት አይለጥፉበትም፤ በሰም የታሸገ አፍና ጎኑ ላይ ነጭ ቀለም ይበቃቸዋል። ቀለሙ የትኛው ጎን ወደ ላይ ሆኖ እንደተኛ ያሳያል፤ አተላው በተቃራኒው ጎን ይጋገራል። ስለዚህ እንግሊዝ የታሸገ የ1955 ጠርሙስ ወረቀትም የፖርቱጋል የዋስትና ማኅተምም ባይኖረው አይደንግጡ። ከ1975 ምርት ጀምሮ ግን ቪንቴጅ ፖርት ፖርቱጋል ውስጥ ብቻ እንዲታሸግ ሕግ ወጥቷል። “1977፣ ለንደን የታሸገ” የሚል ካዩ ያኔ ይደንግጡ።

ዋናው መታወቂያ ቡሹ ነው። የድርጅቱ ስምና ዓመቱ በእሳት ይታተምበታል። ጠርሙሱን አጋድመው አንገቱ ላይ ጠንከር ያለ ባትሪ ሲያበሩ ብዙ ጊዜ በመስታወቱ በኩል ይነበባል። አንዳንድ ሻጮች ሰሙን በጥቂቱ ቆርጠው ቡሹን ያሳያሉ። ይሄ ጉድለት ሳይሆን ውለታ ነው።

የወይኑን ከፍታ አለማየት

ወይኑ አንገቱ ውስጥ ወይም አንገቱ ሥር ከሆነ መልካም ነው። የ60 ዓመት ጠርሙስ ትከሻው አናት ላይ ቢወርድም ያስኬዳል፤ ፖርት አልኮሉ 20 በመቶ ገደማ ስለሆነ ይችላል። ከመሃል ትከሻ በታች ከሆነ ግን ቡሹ አፍስሷል ማለት ነው። በካታሎግ ጽሑፍ ብቻ አይመኑ፤ ከብርሃን ፊት የተነሳ ፎቶ ያስልኩ።

ታሪክ መግዛት

“የአያታችን ነው” የሚለው ደስ ይላል፤ ማስረጃ ግን አይሆንም። የጥንቱ ደረሰኝ ወይም የመጋዘን መዝገብ ካለ ይጠይቁ። አንድ ሳጥን ሙሉ አንድ ላይ የኖረ ከሆነ ከተለቃቀመ ስድስት ጠርሙስ ይሻላል።

መዶሻው የወደቀበትን ዋጋ እንደ መጨረሻ መቁጠር

ለንደን ላይ በ400 ፓውንድ አሸነፉ እንበል። የአጫራቹ ኮሚሽን 25 በመቶ ቢሆን 500 ገባ። በኮሚሽኑ ላይ 20 በመቶ ቫት ሲታከል 520። ቀረጥ ካልተከፈለበት መጋዘን የሚወጣ ከሆነ ቀረጡና በወይኑ ላይ ያለው ቫት ይመጣል። ማጓጓዣና ኢንሹራንስ ገና አልተነሱም።