ለጠባብ መታጠቢያ ቤት ባለ ጥለት የወለል ታይል አመራረጥ

ጠባብ መታጠቢያ ቤት ባለ ጥለት ወለል አይስማማውም ሲባል ቢሰማም፣ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የሚመጣው ከጥለቱ ሳይሆን ከጥለቱ መጠን ነው። ስለዚህ ወደ መደብር ከመሄድ አስቀድሞ የወለሉን ጠቅላላ ስፋት ብቻ ሳይሆን፣ የመጸዳጃ መቀመጫውና የእጅ መታጠቢያው ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ለዓይን ክፍት ሆኖ የሚቀረውን ወለል መለካት ያስፈልጋል።

ለምሳሌ በዕቃዎቹ መካከል የሚታየው ወለል 80 ሴንቲ ሜትር ወርድ ቢኖረው፣ ባለ 20 ሴንቲ ሜትር አራት ታይሎች ተገጣጥመው የሚፈጥሩት ጥለት 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚሆን ሁለት ጊዜ ሙሉ ሆኖ ይታያል። ያው ጥለት በባለ 30 ሴንቲ ሜትር ታይል ከተሠራ ግን ሙሉ ልኩ 60 ሴንቲ ሜትር ስለሚደርስ፣ አንዱ ጥለት ተሟልቶ የሚቀጥለው ገና ሲጀምር ይቆረጣል። ቁጥሩ ግልጽ ካልሆነ ወረቀት በታይሉ ልክ ቆርጦ ወለሉ ላይ መደርደርና በሩ ላይ ቆሞ ማየት ይበቃል።

ቀለምን በተመለከተ፣ ናሙናውን በመደብሩ ብርሃን ሳይሆን በራሱ በመታጠቢያ ቤቱ መብራት ሥር፣ ደረቅም እርጥብም ሆኖ ማየት ይገባል። ግድግዳው ጥለት ያለው ከሆነ ወለሉ ለዘብ ቢል ይመረጣል፤ ሁለቱም እኩል የሚጮሁበት ጠባብ ክፍል ዓይንን ያደክማል።

ከውበቱ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የታይሉ ዓይነት ነው። ፖርስሊን፣ ማለትም በከፍተኛ ሙቀት የተተኮሰ ጥቅጥቅ ያለ የሸክላ ታይል፣ የሚመጠው ውሃ ከክብደቱ 0.5 በመቶ ስለማይበልጥ ለእርጥብ ወለል እጅግ ተስማሚ ነው። የሲሚንቶ ታይል ጥለቱ ጥልቀትና ለዛ ቢኖረውም፣ ውሃና ቅባት ስለሚመጥ መከላከያ መቀባት፣ ቅቡንም በየጊዜው ማደስ ይጠይቃል፤ አሲድነት ያለው ማጽጃም ገጹን ይበላዋል። ይህን እንክብካቤ ለመቀጠል ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው የሲሚንቶ ታይል መልክ ያለው ፖርስሊን ቢገዛ ይሻለዋል። የሚያብረቀርቅ ገጽ ለግድግዳ ይሁን፤ ለወለል ግን የማያንጸባርቅና እርጥብ ሆኖ በእጅ ሲዳሰስ ጥቂት የሚሻክር መሆን አለበት። ውሃው ወደ ማስወገጃው እንዲወርድ ወለሉ ከ1 እስከ 2 በመቶ ተዳፋት ስለሚያስፈልገው፣ በሻወሩ ሥር አነስተኛ ታይል ከትልቁ ይልቅ ተዳፋቱን በቀላሉ ይከተላል።

የመገጣጠሚያ መሙያው ግራውት ከጥለቱ ዋና መደብ ቀለም ጋር ቢቀራረብ ጥለቱ ሳይቆራረጥ ይነበባል። ነጭ ግራውት ቶሎ ይቆሽሻል፤ በጣም የጠቆረው ደግሞ መከላከያ ያልተቀባን የሲሚንቶ ታይል ሊበክል ይችላል።

በግዢ ጊዜ፣ ጥለት ማስተካከል ብዙ ቁርጥራጭ ስለሚያስወጣ ከወለሉ ስፋት 15 በመቶ ያህል መጨመር ይመከራል። 3 ካሬ ሜትር ወለል ባለ 20 ሴንቲ ሜትር 75 ታይል የሚፈጅ ሲሆን፣ ከተጨማሪው ጋር 87 ይሆናል። በየካርቶኑ ላይ የታተመው የቀለምና የመጠን መለያ ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑን ሳያረጋግጡ ክፍያ መፈጸም አይገባም፤ በተለያየ ጊዜ የተመረተው ታይል ስሙ አንድ ቢሆንም ቀለሙ ሊለያይ ይችላልና። ማጣበቂያ ከመቀባቱ በፊትም ታይል ሠሪው ሁሉንም በደረቁ ደርድሮ እንዲያሳይ፣ ከበሩ ሲገባ ፊት ለፊት የሚታየው ሙሉ ጥለት፣ ቁርጥራጩ ደግሞ ከመቀመጫው ጀርባ እንዲሆን መጠየቅ ይቻላል።