የፍየሏ እንባ ሳይደርቅ

ድሬዳዋ ዙሪያ ፍየል ስታስልና ሲያስቀምጣት፣ አፏም ሲቆስል፣ ሁላችንም አንድ ስም እንጠራለን፦ ደስታ መሰል በሽታ። (ደስታ ራሱ፣ የከብቱ በሽታ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል፤ ስሙ ነው የቀረው።) ሳሉን ግን የፍየል ሳንባ በሽታም ያመጣዋል። ቁርጡን የሚነግረን የዘረመል ምርመራ፣ ፒሲአር ነው። እሱን ደግሞ ብዙ ጊዜ የምናበላሸው እኛው ነን፣ ገና በረቱ ደጃፍ።

የሞተችውን መምረጥ። አንድ አዛውንት ትናንት የሞተች ፍየል አሳዩኝ። በድሬ ፀሐይ ሆዷ ተነፍቷል። “አቦ፣ ይቺን ውሰድ፣ ደህናዎቹን ተዋቸው!” አሉኝ። ከኋላቸው አንዲት ግልገል ቆማለች። ሰውነቷ ይፋጃል፣ ዓይኗ ገና ጥርት ያለ እንባ ያነባል። የምፈልገው እሷን ነበር። ቫይረሱ የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ የትኩሳት ቀናት ነው፤ እንባው መግል ሲሆን ጊዜው እያለፈ ነው። የዓይን፣ የአፍንጫና የአፍ ናሙና በስዋብ፣ ጫፉ ጥጥ በሆነ ዘንግ፣ ይወሰድ።

በረዶን መናቅ። ይሄን እኔም አጥፍቻለሁ። የዚህ ቫይረስ ዘረመል አርኤንኤ ነው፤ ሙቀት ቶሎ ይበጣጥሰዋል። አንዴ ብልቃጦቹን በላስቲክ ከተቋጠረ በረዶ ጋር አውቶቡስ ላይ ጫንኩ። ሰበታ፣ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪው ጋ፣ ሲደርሱ በረዶው ውሃ ሆኗል፣ በስክሪብቶ የጻፍኩት ቁጥርም ታጥቧል። ስድስት ብልቃጥ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ! አሁን ውሃ በማያጠፋው ማርከር እጽፋለሁ፣ ብልቃጡን በላስቲክ፣ ላስቲኩን በሌላ ላስቲክ አደርጋለሁ፣ አይስ ፓኩንም አልቆጥብም። መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር ፍሪጅ ውስጥ የሚቀልጥና የሚረጋ ናሙናም ዋጋ የለውም።

ናሙናን ፎርማሊን (ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያደርግ ፈሳሽ) ውስጥ መክተት። ለሌላ ምርመራ ይሆናል፣ ለፒሲአር አይሆንም።

በአንድ ጓንት መንጋውን መጨረስ። ፒሲአር ቅንጣት ቫይረስ አባዝቶ ያሳያል። ከታመመችው በእጃችሁ ይዛችሁት ወደ ጤነኛዋ ከሄዳችሁ፣ ውጤቱ ሁሉንም በሽተኛ ያደርጋቸዋል።

ክትባቱን አለመናገር። ክትባቱ ሕይወት ያለው፣ ግን የተዳከመ ቫይረስ ነው። በቅርቡ የተከተበች ፍየል ላይ ምርመራው እሱኑ ሊያገኝ ይችላል። ያኔ የሚያስታርቀን የዘረመሉን ቅደም ተከተል ማንበብ ነው። የተለመደው ናይጄሪያ 75/1 ክትባት ከ2ኛው የዘር ሐረግ ነው፤ አገራችን ውስጥ የተገኙት ደግሞ 3ኛውና 4ኛው ናቸው። ስለዚህ ከናሙናው ጋር በሚላከው ቅጽ ላይ የክትባቱን ቀን ጻፉ። ፍየሏ የመጣችበትንም ጻፉ፤ “ከገበያ” አይበቃም፣ የቱ ገበያ?