ቆቅ የሚኖርበት ጫካ

ከባቡሩ በጡረታ ስወጣ ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ በሚያወጣው ዳገት ግርጌ ያለችውን የአባቴን መሬት ያዝኩ። ሁለት ሄክታር ትሆናለች፤ ግማሿ ድንጋይ ነው። ስድስት ዓመት ከልዬ፣ ከፍየል ጠብቄ ደን አደረግኋት። ግራሩ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ተጋጠመ፣ ያየ ሁሉ መረቀኝ። ቆቁ ግን ጠፋ። በልጅነታችን ሲነጋጋ እንቅልፍ የሚነሳን ጩኸት ከሰው ማሳ እንጂ ከእኔ ደን አይሰማም።

ምክንያቱን ያገኘሁት በሆዴ ተኝቼ ነው። እናንተም መጥረቢያ ከማንሳታችሁ በፊት ተኙ። የቆቅ ጫጩት እንደተፈለፈለ ጎጆውን ትቶ እናቱን በእግሩ ይከተላል፤ ቁመቱ አውራ ጣት ቢያክል ነው። ከላይ ከጭልፊት የሚሸሽገው ቅጠል፣ ከታች የሚሮጥበት ባዶ አፈር ያስፈልገዋል። የእኔ መሬት ተገላቢጦሽ ነበር፤ ከግራሩ ሥር ሣር የማያበቅል ጥላ፣ ገላጣው ላይ ደግሞ እንደ ፍራሽ የተነባበረ አሮጌ ሣር።

ዛፉን የማሳሳቱን፣ ማለትም እየመረጡ የመቁረጡን ሥራ በታኅሣሥና በጥር ጨርሱ። በልግ ከገባ በኋላ ብትገቡ እንቁላል ትረግጣላችሁ። መጀመሪያ የሚወጣው ፕሮሶፒስ ነው። በፈረንጆች 1970ዎቹ ወደ አገራችን የገባ ዛፍ ነው፤ ላይ ላዩን ቢቆረጥ ከጉቶው አሥር ሆኖ ይነሳል። እኔ አንድ ዓመት ለከሰል አክሳይ ሰጥቼው፣ በቀጣዩ ክረምት ሰው የማያሳልፍ እሾህ ሆኖ ጠበቀኝ። አፈሩን አንድ ስንዝር ያህል ቆፍራችሁ ከሥር ቁረጡት። ፍሬውን የበላ ፍየል በበጠጡ ይዘራዋልና ከብት አታስገቡ። ከዚያ ግራሩን አሳሱ፤ ቀጫጭኑን አውጡ፣ ትልልቁን ተዉ፣ የቀትር ፀሐይ የመሬቱን ግማሽ ያህል እስክታገኝ ድረስ።

የተቆረጠውን እሾህ አታቃጥሉት። ከሥሩ ክፍት እንዲሆን ድንጋይ ላይ አጋድማችሁ አንዲት ክፍል ቤት የምታህል ክምር ሥሩ። ከክምር እስከ ክምር ሠላሳ እርምጃ በቂ ነው። የወፍ ቆሎ (ላንታና) የሚባለውን ቁጥቋጦ ለመጠለያ ብለው የሚተዉ አሉ፤ እኔ አልስማማም፣ ሁለት ክረምት ካለፈ መሬቱ የእሱ ነው።

ሣሩን ከጥቅምት በኋላ በየዓመቱ ሲሶውን ብቻ በዙር እጨዱ፤ ለጎጆ ያለፈው ዓመት ሣር መቅረት አለበት። በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ጥድ ጫካ ውስጥ ቦብዋይት ለሚባለው ድርጭት ሲሉ በየሁለት ሦስት ዓመቱ እሳት ይለቃሉ። እዚህ ዳገት ላይ፣ በዚህ ነፋስ፣ እኔ ማጭዴን አልለቅም።

ጎረቤቴ አንድ ቀን «ጋሼ፣ ፌንጣው ማሽላዬን ሊጨርሰው ነው፣ መድኃኒት ልረጭ ነው» አለኝ። የቆቅ ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያድገው በዚያው በፌንጣና በምስጥ ነው። ስንከራከር አመሸን። በመጨረሻ ከድንበራችን ሃያ እርምጃ ሳይረጭ ሊተውልኝ ተስማማ፤ እኔም ያጨድኩትን ሣር ለበሬዎቹ እሰጠዋለሁ።

ለውጡን ለማየት ፀሐይ ሳትወጣ አንድ ቦታ ተቀምጣችሁ ጩኸት ቁጠሩ፤ ሁልጊዜ ከዚያው ድንጋይ ላይ። ባለፈው ነሐሴ ሁለት ቆቆች ሰማሁ። አንዱ ከእሾህ ክምሬ ነው። ሁለተኛው ምንም ካልደከምኩበት ከጎረቤቴ የቁልቋል አጥር።