ግሪፊያን ሲሰበስቡና ሲያጸዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ግሪፊያ ዘሯ ከጠፋ እጅግ የቆየ የኦይስተር (ባለ ሁለት ቅርፊት የባሕር እንስሳ) ዘመድ ናት። በጁራሲክ ዘመን (ከ200 እስከ 145 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት) ባሕሮች ወለል ላይ፣ ለስላሳ ጭቃ ላይ ተኝታ ትኖር ነበር። እንግሊዞች ቅርጿን አይተው «የሰይጣን የእግር ጥፍር» ይሏታል፤ በእንግሊዝ የስከንቶርፕ ከተማ አርማ ላይም ሁለት ግሪፊያዎች አሉ። ወፍራም ቅርፊቷ በቀላሉ ስለማይጠፋ ቅሪተ አካል ሆና በብዛት ትገኛለች። ሰው የሚዘናጋውም ለዚሁ ነው፤ «ሞልቶ የለ» እየተባለ ስንት መልካም ናሙና ይበላሻል።

በአቼቶ መዘፍዘፍ። ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ነው፤ ምንጩም ግማሽ እውቀት ነው። አንዳንድ ቅሪተ አካላት ወደ ሲሊካ የተለወጡ ስለሆኑ፣ ቀጠን ያለ አሲድ ዙሪያቸው ያለውን የኖራ ድንጋይ ሲያሟሟ እነሱ ሳይነኩ ይቀራሉ። የግሪፊያ ቅርፊት ግን ራሱ ካልሳይት ነው፤ ከኖራ ድንጋዩ ጋር አንድ ዓይነት ማዕድን ነው። አሲዱ ሁለቱን አይለይም። የተሰበረ ቁራጭ ካለዎት አንድ ጠብታ አቼቶ ያድርጉበትና በአጉሊ መነጽር ይመልከቱት። ወዲያው አረፋ ይነሳል፤ ጠብታው ያረፈበት ቦታ አንጸባራቂነቱን አጥቶ እንደ ጠመኔ ይነጣል። መጀመሪያ የሚጠፉት ደግሞ እንስሳዋ ስታድግ የተሠሩት ስስ መስመሮች ናቸው። የሎሚ ጭማቂም ያው ነው።

ሸክላ አፈር የያዘውን ናሙና በጥላ ሥር አፈሩ እስኪሰነጣጠቅ ድረስ ያድርቁት፤ ሁለት ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ከዚያ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይክተቱት። በደንብ የደረቀ ሸክላ ውሃ ሲገባበት ራሱ እየፈረሰ ይወርዳል፤ እርጥቡ ግን እንደተጣበቀ ይቀራል። ሦስት አራት ጊዜ ይደጋግሙት። የቀረውን በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ የእድገት መስመሮቹን ተከትለው ይጥረጉ። ግትር ያለውን በቀርከሃ ስንጥር ወይም በመርፌ ቀስ ብለው ያንሱት። በጠመንጃ መፍቻ መፈልፈል የቀንዷን፣ ማለትም የትልቁን ቅርፊት የተጠማዘዘ ጫፍ ይሰብራል።

ክዳኗን መጣል። ግሪፊያ ሁለት ቅርፊት አላት፤ ሁለቱ ግን አይመሳሰሉም። ትልቁና የተጠማዘዘው የግራ ቅርፊት ነው። የቀኙ ትንሽና ጠፍጣፋ፣ አንዳንዴም ወደ ውስጥ ጎድጎድ ያለ ሲሆን እንደ ድስት ክዳን ይገጥማል። አፏ ላይ ያለው ጭቃ ክዳኑን ሸፍኖት ሊሆን ስለሚችል ጽዳቱን ከአፏ አይጀምሩ። ክዳኑ ከቦታው ካልተነቃነቀ እንስሳዋ ስትቀበር ሁለቱ ቅርፊቶች አልተለያዩም፤ ብዙም አልተንከባለለችም ማለት ነው። ክዳን የሌላቸው፣ ጠርዛቸው የተሸረሸረ ትላልቅ ቅርፊቶች ብቻ የተከማቹ ከሆነ ውሃ አመላልሷቸዋል።

ገልብጦ ማስቀመጥ። ሆዷ ወደ ላይ ተደርጎ ሲሳል ወይም ለእይታ ሲቀመጥ አኗኗሯ ይጠፋል። በሕይወት ሳለች ከባዱ ጥምዝ ጭቃው ላይ፣ ክዳኑ ወደ ላይ ነበር። የቀንዷን ጫፍ ወደ ብርሃን አዙረው ሲያዩት አንዳንዴ ትንሽ ጠፍጣፋ ጠባሳ ያገኛሉ፤ ጨቅላ ሳለች ከዛጎል ስብርባሪ ወይም ከጠጠር ጋር የተጣበቀችበት ቦታ ነው። ካደገች በኋላ ተላቃ በራሷ ክብደት ተኛች። በአሸዋ ወረቀት «ያስዋቧት» ሰዎች ይህን ጠባሳ ነው የሚፍቁት፤ ከጠፋ አይመለስም።

የታጠፈውን ሁሉ «አርኩዋታ» ማለት። ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ላማርክ በ1801 የሰየመው ግሪፊያ የሚለው ስም የብዙ ዝርያዎች ወገን ነው። ግሪፊያ አርኩዋታ ጠባብና ክፉኛ የተጠማዘዘች፣ የጁራሲክ መጀመሪያ ናት፤ ዕድሜዋ ወደ 200 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ኦክስፎርድ ሸክላ በሚባለው የእንግሊዝ የሸክላ ንብርብር ውስጥ የምትገኘው ግሪፊያ ዲላታታ ሰፊና ከባድ ስትሆን፣ 160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ናት። ቀንዱ እንደ ቀንድ አውጣ ወደ ጎን ከዞረ ኤክሶጋይራ የተባለችውን ሌላ የኦይስተር ዘመድ ይጠርጥሩ። በአሮጌ ስብስቦች «ግሪፊያ» ተብለው የተጻፉ የቴክሳስ ናሙናዎች ደግሞ ዛሬ ቴክሲግሪፊያ ይባላሉ፤ ዘመናቸውም ከጁራሲክ ቀጥሎ ያለው ክሬቴሽየስ ነው። በመቀሌ ዙሪያ ያለው የአንታሎ ኖራ ድንጋይም የጁራሲክ ባሕር ቅርፊቶችን ይዟል፤ ግን አርኩዋታ ከነበረችበት ጊዜ በኋላ የተነጠፈ ስለሆነ በቅርጽ ብቻ ያንን ስም መስጠት አይገባም። እዚያ ቅሪተ አካል በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ስለሆነ ያለ ፈቃድ አይነሳም።

በመጠን ዕድሜ መገመት። ትልቋ አሮጊት፣ ትንሿ ልጅ ላትሆን ትችላለች። ተመራማሪዎቹ ጆንስና ጉልድ በ1999 ባሳተሙት ጥናት የእንስሳቱን ዕድሜ ከቅርፊቱ ኬሚስትሪ ለክተው፣ በኋላ የመጡት ግዙፎቹ ከቀደምቶቻቸው በፍጥነት እንዳደጉ አሳይተዋል።

ቫርኒሽ መቀባት። ይቢጫል፤ መስመሮቹንም ይደፍናል። መጠናከር ያለበት ስንጥቅ ካለ 5 ግራም ፓራሎይድ ቢ-72 (ቅርሶችን ለመጠገን የሚያገለግል ሙጫ) በ100 ሚሊ ሊትር አሴቶን አሟሙተው፣ መስኮት ከፍተው፣ ከእሳት ርቀው በስሱ ይቀቡት። ሲፈለግ በአሴቶን ይነሳል።

ገደል ሥር መቆፈር። በደቡብ እንግሊዝ ላይም ሪጂስና ቻርማውዝ ዳርቻ፣ በተለይ ከዝናብ በኋላ፣ ገደሉ ይናዳል። ማዕበሉ ያጠበው ልቅ ናሙና ባሕር ዳርቻው ላይ አለ፤ መዶሻ አያስፈልገውም። ውሃው እየሸሸ ባለበት ሰዓት ሄደው መመለስ ሳይጀምር ይውጡ።

ቦታውን «ቤት ስደርስ እጽፈዋለሁ» ማለት። ከአምስት ናሙና በኋላ ይምታታል። እዚያው ቆመው ቦታውን፣ ቀኑን፣ ከንብርብሩ ያወጧት ወይም ልቅ ሆና ያገኟት መሆኑን ይጻፉ። ይህች የመጨረሻ ነጥብ ቀላል አይደለችም፤ በእንግሊዝ የበረዶ ዘመን ግግሮች ግሪፊያን ከንብርብሯ ነቅለው ሩቅ ወስደው ጠጠር ውስጥ ጥለዋታል። «ጠጠር ውስጥ» የሚለው ካልተጻፈ፣ በኋላ የሚያያት ሰው አካባቢው የጁራሲክ ድንጋይ ያለው ይመስለዋል።