መኪናዎ ቤንዚን ስታበዛ፦ ለሰሜን ሸዋ አሽከርካሪዎች ችግርና መፍትሄ

በሰሜን ሸዋ መንገዶች የሚመላለስ አሽከርካሪ «መኪናዬ ቤንዚን በላችብኝ» ብሎ ጋራዥ ከመግባቱ በፊት፣ የበላው ዳገቱ ነው ወይስ መኪናዋ የሚለውን መለየት ይኖርበታል። ይህ ሳይለይ የሚቀየር ካንዴላና የሚታጠብ ኢንጀክተር ብዙውን ጊዜ ከንቱ ወጪ ነው።

ምልክት፦ ስትወርድ ቆጣቢ፣ ስትመለስ በላተኛ ትሆናለች

ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከነጭነቷ 1,200 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና ይህን ከፍታ ለመውጣት ብቻ፣ ለርቀቱ ከሚያስፈልጋት ሌላ፣ 2 ሊትር ያህል ቤንዚን ታቃጥላለች። ስለዚህ ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን ድረስ ብቻ ተለክቶ የተገኘ ቁጥር ስለ መኪናዋ ጤንነት የሚናገረው ነገር የለም፤ የመልሱ ጉዞ ብቻውን ቢለካም እንዲሁ ነው።

መፍትሄው ደርሶ መልስን መለካት ነው። ከአንድ ማደያ፣ ከአንዱ ቀጂ ማሽን፣ አፍንጫው ራሱ «ቀጭ» ብሎ እስኪዘጋ ድረስ ይሙሉ፤ ኪሎ ሜትሩን ይመዝግቡ፤ ተመልሰው እዚያው በዚያው መንገድ ሲሞሉ የተጓዙትን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር ያካፍሉ። ከ«ቀጭታው» በኋላ እስከ አፉ ማስሞላት ስሌቱን ከማበላሸቱም በላይ በደብረ ብርሃን ብርድ የገባ 40 ሊትር ቤንዚን በ20 ዲግሪ ሲሞቅ በሦስት አራተኛ ሊትር ያህል ስለሚያብጥ፣ ቆላ ሲወርዱ መውጫ ይፈልጋል።

ያገኙትን ቁጥር ሻጩ ከነገረዎት ጋር አያወዳድሩት። ለቆዩት የጃፓን መኪኖች የሚጠቀሰው ቁጥር ብዙ ጊዜ «10·15» ከተባለው ፈተና የመጣ ነው፤ ይህም ጎማዋ በሮለር ላይ እየዞረ፣ ዳገትና ነፋስ በሌለበት፣ ከ70 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት የሚደረግ ነው። መኪናዎን ማወዳደር ያለብዎት ከራሷ የቀድሞ ቁጥር ጋር ነው።

ምልክት፦ የሞተሩ ሙቀት አይነሳም

በእኔ ግምት በደጋው አካባቢ በብዛት የሚታለፈው ችግር ይህ ነው። የጣርማበርን ዳገት ስትወጣ የፈላች መኪና ጋራዥ ስትገባ፣ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋው ክፍል) ተነቅሎ ይጣልና «ከእንግዲህ አትሞቅም» ይባላል። እውነት ነው፣ አትሞቅም፤ በደብረ ብርሃን ጠዋት ግን ጨርሶ ለሥራ የሚበቃ ሙቀት ላይ አትደርስም። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና እንደቀዘቀዘ ስለሚቆጥር ቤንዚን ጨምሮ መርጨቱን ይቀጥላል፤ ዘይቱም ወፍራም እንደሆነ ይቆያል።

ከደብረ ብርሃን ተነስተው ጫጫ ሲደርሱ የሙቀት መርፌው ከታች ካልተነሳ፣ ወይም ሰማያዊው መብራት ቶሎ አልጠፋ ካለ፣ ይህንኑ ይጠርጥሩ። በማግስቱ ሞተሩ እንደቀዘቀዘ ያስነሱና ወደ ራዲያተሩ የሚገባውን የላይኛውን ጎማ ቱቦ በእጅዎ ይዳስሱ። ቴርሞስታቱ ደህና ከሆነ ቱቦው ለጥቂት ደቂቃዎች ቀዝቅዞ ቆይቶ በድንገት ይሞቃል፤ ከመጀመሪያው አንስቶ ቀስ በቀስ የሚሞቅ ከሆነ ግን ቴርሞስታቱ ተነቅሏል ወይም ተከፍቶ ቀርቷል። ለመኪናዋ የተመደበውን ያስገጥሙ፤ ነገር ግን አስቀድሞ ያስፈላት ምን እንደነበር፣ የተደፈነ ራዲያተር፣ የማይዞር ማራገቢያ ወይም የላላ ክዳን ይሁን፣ ሳይታወቅ ከተገጠመ እንደገና ትፈላለች።

ሞተር ለማሞቅ ተብሎ ቆማ እንድትሠራ መተውም በዚሁ ይታያል። ትንሽ ሞተር ቆሞ በሰዓት ከግማሽ እስከ 1 ሊትር ይጨርሳል፤ አንድ ደቂቃ ጠብቆ በዝግታ መንቀሳቀስ ይበቃል።

ምልክት፦ መኪናዋ ትከብዳለች፣ ነዳጅ ሲለቁላት ቶሎ ትቆማለች

መጀመሪያ የጎማ ንፋስ ይታይ። ጎሚስታ ዘንድ ከጉዞ እንደደረሰ የሚነፋ ጎማ የጋለ ስለሆነ፣ 30 ያነበበው መለኪያ በማግስቱ ጠዋት 26 ወይም 25 ሊያነብ ይችላል፤ ልኩ የሚታወቀው ጠዋት ሳይነዱ ነው። ቀጥሎ ፍሬን አለ። ረጅም ቁልቁለት ከወረዱ በኋላ ሜዳ ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ፍሬን ሳይነኩ ይንዱና ሲቆሙ እጅዎን ወደ አራቱም ቸርኬ ያስጠጉ፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚፋጅ ከሆነ ሸራው አልለቀቀም ማለት ነው። በክሪክ አንስተው ጎማውን በእጅ ያዙሩትና ያረጋግጡ፤ ይህ የቤንዚን ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ ለነገ አይባልም።

ምልክት፦ ጥቁር ጭስና የጠቆረ ካንዴላ

ደብረ ብርሃን ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡሬተር ያላት መኪና ቆላ ላይ ከተስተካከለች ደጋ ስትወጣ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛባታል፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ በምትውልበት ከፍታ ላይ ትስተካከል። ኢንጀክተር ያላት ግን ልኩን ራሷ ታገኛለች፤ ጥቁር ጭስ ካወጣች የአየር ፊልትሮውና የኦክስጅን ሴንሰሩ ይፈተሹ። ደጋ በራሱ ቤንዚን ይበላል የሚባለው ግን ልክ አይደለም፤ የሳሳ አየር መኪናዋን የሚገፋበት ጉልበትም ያንሳል፣ እንደ ጫጫ ባለ ሜዳ ላይ በልክ የሚነዳ ሰው ያተርፍበታል።

ምልክት፦ ምንም ብልሽት ሳይኖር ቁጥሩ ድንገት ወረደ

ጎማ ቀይረው እንደሆነ ያስታውሱ። ለመንዝና ለአንኮበር ጠጠር መንገድ ከፍ እንድትል 175/65 የነበረው በ185/70 ሲተካ፣ የቸርኬው ቁጥር 14 እንዳለ ሆኖ፣ ጎማው ከ5 በመቶ በላይ ይተልቃል፤ ቆጣሪውም ያንኑ ያህል አሳንሶ ይቆጥራል። የተጓዙትን ርቀት በስልክዎ ካርታ ያመሳክሩ። በሃይላንድ የተሸጠ ቤንዚን ቀድተው ከነበረም ሊትሩም ንጽሕናውም ስለማይታወቅ ያን ሙሌት ከሒሳብ ያውጡት።

ምልክት፦ በፎሌ (ማርሽ ሳይገባ) እየወረዱም ለውጥ የለም

ኢንጀክተር ያላት መኪና ማርሽ ውስጥ ሆና፣ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ተነስቶ ስትወርድ ቤንዚኑን ፈጽማ ታቋርጣለች፤ በፎሌ ስትሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ማቃጠሏን ትቀጥላለች። ከጣርማበር እስከ ደብረ ሲና ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ይያዙ፤ ፍሬኑም አይግልም።