ከጎጃም ወደ ዛንዚባር፦ ጥንዶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጉዞ ማሰናዳት ሥራዬ ስለሆነ ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከቡሬ ለጫጉላ የታንዛንያዋን ደሴት ዛንዚባርን የሚያስቡ ጥንዶች ይደውሉልኛል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌ አንድ ነው፤ «የትኛው ሆቴል ይሻላል?» ሆቴሉማ ቀላል ነው። ዛንዚባር ላይ መኝታው፣ ምግቡና መጠጡ በአንድ ክፍያ የሚያልቅበት፣ ኦል ኢንክሉሲቭ የሚባለው ሪዞርት ሞልቷል። ጉዞውን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ሆቴሉ ሳይሆን ከጎጃም ሳይወጡ የሚሠሩ ስህተቶች ናቸው። እኛ ቀን የምንቆርጠው በሠርግና በጾም ነው። ባሕሩ ደግሞ የራሱ ወቅት አለው። ሁለቱን ሳያስማሙ የሚከፈል ገንዘብ ያሳዝነኛል። ተቆጥቦ፣ ተበድሮ የመጣ ገንዘብ ነውና።

ቀኑን በሠርጉ ብቻ መቁረጥ

ትልቁ ስህተት ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር። በእኛ ዘንድ ሠርግ የሚበዛው በጥርና ከፋሲካ በኋላ ነው። የዛንዚባር ዋናው ዝናብ ደግሞ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይወርዳል። እነሱ ማሲካ ይሉታል። በተለይ በሚያዝያ ሰማዩ ይደፈናል፣ ጀልባ ይሰረዛል፣ አንዳንድ ሪዞርት ጭራሽ በሩን ዘግቶ እድሳት ይጀምራል። የሚያዝያ ሙሽሮች ግን ስልካቸው ላይ በትልቅ ቅናሽ የቀረበ ክፍል አይተው ቶሎ ይከፍላሉ። ዋጋው የወረደው በዝናቡ ምክንያት መሆኑን የሚነግራቸው የለም።

የጥር ሙሽሮች በአየሩ ይታደላሉ። ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ የካቲት ደረቅና ሞቃት ነው። ለእነሱ የሚከብደው ጾሙ ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። በጥር ግን ይጾማል። ብዙም ሳይቆይ ነነዌ ይገባል፣ ከዚያ ዐቢይ ጾም። እንግዲህ ምግቡ ሲፈታ ዝናቡ ይመጣል፤ ዝናቡ ሲያባራ ጾሙ ይመጣል።

እኔን ካማከራችሁኝ ሐምሌን እመርጣለሁ። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። በመሃል ያለው ጊዜ ጎጃም በጭቃና በጉም ሲሸፈን ዛንዚባር ደረቅና ነፋሻ ነው። መምህራን ከሆናችሁ ትምህርት ቤትም ዝግ ነው። እርግጥ ነው ዋጋው ይወደዳል፤ አውሮፓውያኑም እረፍት የሚወጡት ያኔ ነው። ስለዚህ ከወራት በፊት ያዙ። በሚያዝያ ያገባ ሰው ሁለት ሦስት ቀን ጣና ዳር አርፎ ትልቁን ጉዞ ለሐምሌ ቢያቆየው ምንም አይቀርበትም።

በሠርጉ ማግስት መብረር

የጎጃም ሠርግ በአንድ ቀን አያልቅም። መልሱ አለ፣ ቅልቅሉ አለ፣ ከገጠር የመጣው ዘመድ ሽኝት አለ። ቲኬቱን ለማግስቱ ቆርጦ «ይቅርታ እናንተ ጨርሱት» ማለት እናትን ያስከፋል። ቅሬታው ደግሞ እስከ ባሕሩ ዳር በስልክ ይከተላችኋል። ቢያንስ አንድ ሳምንት ስጡት። ሙሽሮቹ ራሳቸው ለቀናት በቅጡ አልተኙም።

መንገዱንም አስቡበት። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደጀን ቁልቁል የዓባይ በረሃ አለ። በዚህ ዘመን የመንገዱ ሁኔታ በየሳምንቱ እንደሚለዋወጥ ለጎጃም ሰው አልነግረውም። ከባሕር ዳር የምትበሩ ከሆነም ዓለም አቀፍ በረራችሁ ካለበት ቀን በፊት አዲስ አበባ ግቡ። በጠዋት ወጥቶ የማታውን አውሮፕላን እደርሳለሁ ማለት ሙሉውን ጉዞ ለቁማር ማስያዝ ነው።

ቀንና ስምን አለማስተያየት

የሪዞርቱ ቅጽ በአውሮፓ ቀን ይሞላል። «በ25 እንገባለን» ብሎ ለወኪል መናገር ብቻ አይበቃም። ሚያዝያ 25 ለእነሱ ሜይ 3 ነው። ሁለቱን ቀን ጎን ለጎን ጻፉና ላኩ። የክፍል መግቢያ ከቀትር በኋላ፣ መውጫው ከቀትር በፊት መሆኑንም አትርሱ። ንጋት ላይ የሚደርስ ሰው ሻንጣውን ይዞ ሎቢ ላይ ይቀመጣል።

ስማችንም ለእነሱ ግራ ነው። ሚስት የባልን ስም አትይዝም። ፓስፖርት ላይ የቤተሰብ ስም ሆኖ የሚገባው የአያት ስም ነው። አንዳንዱ ሰው «ባልና ሚስት ነን» ለማለት ብሎ የሚስቱን ስም በራሱ አያት ስም ያስመዘግባል። ቲኬቱ ከፓስፖርቱ ጋር ሳይገጥም ሲቀር መከራው ኤርፖርት ላይ ነው። የየራሳችሁን ስም እንደ ፓስፖርታችሁ ጻፉ፣ በቃ።

ወረቀት ካነሳን፦ ታንዛንያ ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ትጠይቃለች። ክትባቱ ከጉዞው 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ደግሞ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ሰው የደሴቲቱን የጉዞ ኢንሹራንስ በኢንተርኔት መግዛት ይጠበቅበታል፤ ለአንድ አዋቂ 44 ዶላር ነው። ቪዛውን ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩ። ኢንተርኔት በጠፋበት ሰሞን ቅጽ መሙላት እንዴት እንደሚያስጨንቅ ታውቁታላችሁ።

«ሁሉም ተከፍሏል» ብሎ ኪስን ባዶ ማድረግ

ሪዞርቱ የከፈለ እንግዳ መሆናችሁን ለማሳየት እጃችሁ ላይ የሚያስረው አምባር ሁሉን ነገር አይከፍትም። ብዙውን ጊዜ የሚያካትተው የቡፌውን ምግብ፣ ለስላሳ፣ ቢራና የአገር ውስጥ መጠጥ ነው። ከውጭ የመጣ ውስኪ፣ ማሳጅ፣ የሞተር ጀልባ ጨዋታ፣ የልብስ እጥበት፣ የባሕር ዳር የሻማ እራት ለብቻ ይታሰባል። ከኤርፖርት ወስዶ የሚመልሰው መኪናም አንዳንዴ አለበት፣ አንዳንዴ የለበትም። በየሌሊቱ በሰው የሚታሰብ የመንግሥት ክፍያም አለ፤ ብዙ ሆቴሎች ስትገቡ ወይም ስትወጡ ነው የሚቀበሉት። ከመክፈላችሁ በፊት አንድ መልእክት ላኩ። «ያልተካተተው ምንድን ነው?» በሉ። መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

ዶላሩን ከባንክ ለመውሰድ ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ስለሚጠየቅ ቀድማችሁ ሂዱ። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2006 በፊት የታተመ ዶላር እዚያ አይቀበሏችሁም፤ ስትቀበሉ ዓመተ ምሕረቱን እያያችሁ ይሁን። ብርና ቴሌብር ከቦሌ በኋላ አይሠሩም።

የምንበላውን ለሆቴሉ አለመናገር

ይሄ ነገር የሚያሳፍረን ይመስል እንደብቀዋለን። ከዚያ ቡፌው ፊት ለፊት ቆመን በሙዝና በዳቦ እንውላለን። የተከፈለበት ምግብ እኮ ነው! ክፍል ስታስይዙ የምትጾሙትን ቀን ጻፉላቸው። «ቪጋን» የምትለዋ ቃል ትበቃለች። ወጥ ቤት ላይ ደግሞ በስዋሂሊ «ቢላ ኛማ፣ ቢላ ማዚዋ፣ ቢላ ማያይ» በሉ፤ ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላል ማለት ነው። የባሕር ዳርቻው ምግብ ለጾም ይመቻል። ሩዙ በኮኮናት ወተት ይበስላል። ባቄላውም እንደዚያው። ካቹምባሪ የሚሉት የቲማቲምና የሽንኩርት ሰላጣ ከቃሪያ ጋር ሲቀርብ የቤታችንን ስልጆ ባይሆንም አፍ ይከፍታል።

ሥጋውን በተመለከተም በግልጽ ልናገር። የዛንዚባር ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ የሚቀርበው ሥጋም በዚያው ሥርዓት የታረደ ነው። የክርስቲያን ሥጋ ካልሆነ የማይበላ ሰው ይሄን ቀድሞ ይወቅና በዓሣና በእንቁላል ይዘጋጅ። ሾርባና ፓስታ ውስጥ ሽሪምፕና ሸርጣን መግባቱ የተለመደ ስለሆነ ጠይቁ። አስተናጋጁ አይከፋውም፣ የዕለት ሥራው ነው። ትንሽ በሶና ዳቦ ቆሎ መያዝም አይጎዳም።

ባሕሩን እንደ ጣና ማየት

የፍኖተ ሰላም ልጆች የሆኑ ሁለት ሙሽሮች ፓጄ በሚባለው የምሥራቅ ዳርቻ አርፈው ነበር። ማታ ሲደርሱ ውሃው በረንዳቸው ሥር ይመታል። ጠዋት መጋረጃውን ሲገልጡ ባሕሩ የለም። ዓይን እስኪደክም ነጭ አሸዋ፣ እዚህም እዚያም ኩሬ፣ ራቅ ብሎ የባሕር ሣር የሚሰበስቡ ሴቶች። ባልየው ደንግጦ ወደ እንግዳ መቀበያው ወረደ። ልጁ ፈገግ ብሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየው፤ ባሕሩ በስንት ሰዓት ሸሽቶ በስንት ሰዓት እንደሚመለስ በየቀኑ ተጽፏል።

ሚስትየው ግን እስኪመለስ አልጠበቀችም። በባዶ እግሯ ወደ ውስጥ ሄደች። ከጉልበት በታች በሆነ ውሃ ውስጥ ጃርት የሚመስል ጥቁር እሾሃም ፍጡር ረገጠች። እሾሁ እግሯ ውስጥ ተሰባብሮ ቀረ። የቀረውን ጊዜ ያሳለፈችው ወንበር ላይ ነው።

ጣና ላይ ያደገ ሰው ይሄን ሊገምት አይችልም። ጣና ጠዋትም ማታም እዚያው ነው። ዛንዚባር ላይ ግን ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሸሻል፣ ሁለቴ ይመለሳል። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ይገፋል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ይብሳል፤ ከፍታው እስከ 4 ሜትር ይለያያል። የምሥራቁ ዳርቻ፣ እነ ፓጄና ጃምቢያኒ፣ ዝርግ ስለሆነ ውሃው እጅግ ይርቃል። ሰሜኑ፣ እነ ኑንግዊና ኬንድዋ፣ ጥልቅ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ይዋኛል። የምትሄዱት ለውሃው ከሆነ ሰሜኑን ምረጡ። ምሥራቁ ለጸጥታና ለረጅም የእግር ጉዞ ይሻላል። የውሃ ጫማ ከሁለቱም ጋር ግዴታ ነው።

መዋኘት የማትችሉ ከሆነ ደግሞ አትፈሩ፣ አትደብቁትም። አብዛኞቻችን ደገኞች ዋና አናውቅም። ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬት ጠይቁና እሰሩት። ወደ ውስጥ የሚጎትት ውሃ ከያዛችሁ በቀጥታ ወደ ዳር አትታገሉ፤ ጉልበት ይጨርሳል። ከዳርቻው ጎን ለጎን እየተጓዛችሁ ከሚጎትተው ውሃ ውጡ። ጠጥቶ መግባት የሚባል ነገር አይኑር፤ መጠጡ ነጻ ስለሆነ ነው ደጋግሜ የምናገረው። ፀሐዩም «እኛ ጥቁር ነን አያቃጥለንም» የሚያስብል አይደለም። ውሃ ላይ በሆዱ ተንሳፍፎ ዓሣ ሲያይ የዋለ ሰው ጀርባው ተልጦ ያድራል። ሰንስክሪን ተቀቡ፣ ካልሆነ ቲሸርት ለብሳችሁ ግቡ።

ሰዓት ማምታታት

ስዋሂሊ ተናጋሪ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ለእሱም አንድ ሰዓት ነው። የሆቴሉ ወረቀት ግን በፈረንጅ ሰዓት ይጻፋል። የጀልባ ቀጠሮ ስትይዙ በየትኛው እንደሆነ አረጋግጡ።

ከግቢው ሳይወጡ መመለስ

የከፈልነውን እንጠቀም ብሎ ሳምንቱን በሙሉ ከመዋኛው ወደ ቡፌው መመላለስ ያሳዝናል። ቢያንስ አንድ ቀን ስቶን ታውን ግቡ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ከተማ ነው። በሮቹ በነሐስ ጉጥ የተጌጡ ናቸው። እስከ 1873 ሰው እንደ ከብት ይሸጥበት የነበረው ገበያ ቦታ ላይ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። እዚያ ዝም ብሎ መቆም ይገባል። በከተማው ውስጥ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። እህቶቼ፣ ነጠላችሁን ያዙ፤ ከዚያ የሚመች የለም። ሄዳችሁ ረመዳን ከሆነ ከሪዞርቱ ውጭ ቀን ላይ አደባባይ ላይ አትብሉ፣ አትጠጡ። ጾምን የሚያከብር ሰው ለዚህ ምክር አያስፈልገውም።

ሁለት መሆናችሁን መርሳት

አንዱ መተኛት ይፈልጋል፣ ሌላዋ በየቀኑ ጀልባ። አንዱ ወጪ ይቆጥራል፣ ሌላዋ «አንዴ ነው» ትላለች። ይሄን ቤት ሆናችሁ ጨርሱት። ስንት ቀን እንደምትወጡ፣ ለትርፍ ነገር ስንት ብር እንደምታወጡ ተነጋገሩ። ለቤተሰብ ደግሞ የስልክ ሰዓት ስጧቸው፤ ማታ አንዴ። እማማ አራቴ ስትደውል፣ አጎቴ ቪዲዮ ላኩ ሲል፣ የቲክቶኩ ፎቶ ሲታረም ቀኑ ያልፋል። በዚህ ላይ ጠንከር በሉ። በተለይ ባል ለእናቱ፣ ሚስት ለእናቷ ራሳቸው ይናገሩ፤ በሌላኛው አፍ ሲነገር ይጎመዝዛል።

ስጦታን ከሆቴሉ ሱቅ መግዛት

ዋጋው እጥፍ ነው። ስቶን ታውን ዳራጃኒ ገበያ ግቡ። ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ሄል፣ ገውዝ በየመደቡ ተከምሮ ታገኛላችሁ። ተደራደሩ። የባሕር ዛጎልና ኮራል ግን አትልቀሙ፣ ኤርፖርት ላይ ይወሰዳል፤ ጣጣም ያመጣል። ለአማቶች አንድ አንድ ከረጢት ቅርንፉድ ይበቃል፤ በደንብ የታሸገውን ምረጡ፣ አለበለዚያ ልብሳችሁ ሁሉ ይሸታል።